ድምፅ ሲሻክር፦ በስልክ መቅረጽ፣ በፕራት መለካት፣ ለሐኪም ማቅረብ

አዲስ አበባ ውስጥ «ድምፄ ተዘጋ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ብርድ ነው» የሚል ነው። ዝንጅብል በማር ይፈላለታል፣ ዳማከሴ ይታሽለታል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ጉንፋን ነውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አስቸጋሪው ያልለቀቀ ጊዜ ነው። መምህሩ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ዘማሪዋ፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስታወራ የምትውለው ሻጭ ወር ሁለት ወር ከርመው ከአንገት በላይ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ «ከመቼ ጀምሮ ነው? እየባሰ ነው እየተሻለ?» ይባላሉ። መልሱ ግምት ነው። ይባስ ብሎ በቀጠሮው ዕለት ድምፁ ደህና ሆኖ ያድራል።

እዚህ የምጽፈው ያን ግምት በማስረጃ ስለ መተካት ነው። የሚያስፈልገው ደህና ስልክ፣ ማንኛውም ላፕቶፕና ፕራት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕራትን የሠሩት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓውል ቡርስማና ዴቪድ ዌኒንክ ሲሆኑ የንግግር ድምፅ ተመራማሪዎች በመላው ዓለም ይገለገሉበታል። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ከፕራት የሚወጣ ቁጥር የበሽታ ስም አይሰጥም። ጥቅሙ የአንድን ሰው ድምፅ ከራሱ ካለፈው ሳምንት ድምፅ ጋር ማስተያየት ነው። ለዚህ ደግሞ አቀራረጹ ከሳምንት ሳምንት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ ከሒሳቡ ይልቅ ቀረጻው ላይ እቆያለሁ።

መቅረጽ ሳያስፈልግ ሐኪም ዘንድ የሚኬድበት ጊዜ

ትንፋሽ ሲሳብ ሲር የሚል ድምፅ ካለ፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ምግብ ሲዋጥ የሚያም ከሆነ፣ አንገት ላይ እብጠት ከታየ፣ ወይም ባለ ድምፁ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ድምፅ ከተለወጠም እንዲሁ ነው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእንቅርት ዕጢው ጀርባ አልፎ ስለሚሄድ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሊነካ ይችላልና ሐኪሙ ቶሎ ማወቅ አለበት።

ከእነዚህ አንዱም ባይኖር የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያ፣ ሻካራነቱ በ4 ሳምንት ካልለቀቀ ማንቁርቱ በመሣሪያ ይታይ ይላል። መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ አንቲባዮቲክ መግዛት መፍትሔ አይደለም። ቀረጻው በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የሚሠራ፣ ከዚያም ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚቀጥል ሥራ ነው።

ክፍሉና ሰዓቱ

መሀል ከተማ ውስጥ ጸጥታ በራሱ አይመጣም። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ሌሊቱ ሲነጋጋ የቅዳሴና የአዛን ድምፅ ማጉያ አለ፤ ከዚያ ረዳቶቹ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ማለት ይጀምራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤት ጀነሬተር ይነሣል። ፈጽሞ ዝም ያለ ሰዓት ከመጠበቅ በየሳምንቱ ሊደገም የሚችል ሰዓት መምረጥ ይሻላል። ለብዙ ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የመንገዱ ግፊያ ሲቀንስ ይመቻል። መምህር ከሆኑ ግን አንድ ጠዋት፣ አንድ ደግሞ ከክፍል መልስ ይቅረጹ። በመናገር የደከመ ድምፅ የሚታየው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ አልጋና ቁም ሣጥን ያለበትን ይምረጡ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሴራሚክ ወለሉና ባዶ ግድግዳው ድምፅ ስለሚመልስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የቁም ሣጥኑን በር ከፍቶ ፊትን ወደ ተሰቀለው ልብስ ማዞር፣ ከኋላ በር ወይም ወንበር ላይ ጋቢ መዘርጋት ብዙ ይረዳል። ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። ስልኩን ከቻርጀር ይንቀሉ፦ የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ከመስመሩ የሚገባው እምምታ 50፣ 100፣ 150 እያለ ይወጣል። 100 እና 150 ሄርዝ የወንድ ድምፅ መደበኛ መኖሪያ ስለሆኑ ፕራት ያን እምምታ ከሰውየው ድምፅ ጋር ሊያምታታው ይችላል።

ስልኩን ማሰናዳት

የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት አይሆንም። ሁለቱም ፋይሉ እንዲያንስ ድምፁን ይጨምቁታል፤ ሲጨምቁ የሚጥሉት ደግሞ እኛ የምንፈልገውን ደቃቅ ዝርዝር ነው። በስልክ ጥሪ የተቀረጸ ከዚህም ይብሳል፤ የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል፣ የሰው ድምፅ መሠረቱ ግን እዚያ ታች ነው።

የመቅረጫ አፕ ሲመርጡ ዌቭ በሚባለው ያልተጨመቀ ዓይነት መቅረጹን ያረጋግጡ። በአንድሮይድ ሬክፎርጅን የመሰለ አፕ ይህን ያደርጋል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው 44,100 ሄርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ያድርጉት። ጫጫታ መቀነሻና ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የድምፅ መጠን ማስተካከያ ካለ ሁለቱንም ያጥፉ፤ ስልኩ «ላሳምርልህ» ብሎ የሚነካካው ሁሉ ለእኛ ጉዳት ነው። በአይፎን የራሱን መቅረጫ ጥራት «ሎስለስ» ላይ አድርጎ በኋላ ላፕቶፕ ላይ ወደ ዌቭ መለወጥ ይቻላል። የአንድ ደቂቃ ፋይል 5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ወደ ላፕቶፕ ሲያሻግሩ በኬብል ያድርጉት፣ ወይም በቴሌግራም «ፋይል» ብለው ይላኩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። አንዲት ሴት በ200 ሄርዝ ስትናገር የድምፅ አውታሮቿ በሴኮንድ 200 ጊዜ ይገናኛሉ፤ አንዱ ዙር 5 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። የምንፈልገው በአንዱ ዙርና በቀጣዩ መካከል ያለው የርዝመት መናወጥ የዚያ 1% ማለትም 0.05 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በ44,100 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲቀረጽ ይህች ቅንጣት ጊዜ ሁለት ናሙና ያህል ትሆናለች። በስልክ ጥሪው 8,000 ግን ግማሽ ናሙና እንኳ አትሞላም።

ርቀቱ አንድ ስንዝር ይሁን፤ ስልኩ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ትንሽ ዘወር ብሎ መጽሐፍ ላይ ተደግፎ ይቁም። በእጅ አይያዝም። ስንዝር ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይለካ።

ምን እንበል?

መጀመሪያ 5 ሴኮንድ ዝምታ ይቅረጹ። ይህ የክፍሉ ጫጫታ መለኪያ ነውና እንዳይዘለል።

ቀጥሎ «አ——» ለ5 ሴኮንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ በመካከል እየተነፈሱ። ሐኪም አፍ ሲያስከፍት የሚያስብለው «አ» እንጂ «ኧ» አይደለም። ሳይጮኹ፣ ሳያንሾካሹኩ፣ በንግግር ከፍታ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አራት ኪሎ የሚኖሩ አንዲት የጡረታ መምህርት ማይክ ሲያዩ ድምፃቸውን አሳምረው፣ እያንቀጠቀጡ እንደ መዝሙር ጀመሩት። «እትዬ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን እንደ ሐኪም ቤት ይበሉት» ሲባሉ «ታዲያ ቀድመህ እንዲያ አትለኝም?» ብለው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የወጣው «አ» የተዝናናና ቀጥ ያለ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ከመቅረጼ በፊት ትንሽ አስወራለሁ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሮች። ለአማርኛ ራሴ የምጠቀምባቸው ሦስት ናቸው፦

«እማማ ወይን ገዙልን።» ሁሉም ተነባቢ ነዛሪ ስለሆነ አውታሮቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መንዘር አለባቸው። መሀል ላይ ድምፁ ከተቆረጠ ተቆርጧል ማለት ነው፣ በፊደሉ አይመካኝም።

«አያቴ ዓርብ እዚያ አደሩ።» እያንዳንዱ ቃል በአናባቢ ይጀምራል። ድምፁን እየገጨ የሚያስነሣ ሰው እዚህ ይጋለጣል።

«ጠጁ ከጠርሙሱ ተቀዳ።» ጠ እና ቀ ማንቁርቱ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ከፍ ሲል የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ከፍንዳታው በኋላ አናባቢው ወዲያው ይነሣል ወይስ እየተንፏቀቀ? የእንግሊዝኛ ወይም የደች ፈተና ይህን አይጠይቅም፤ የእኛ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ዕለቱ 30 ሴኮንድ ያህል ነፃ ወሬ። የሚያነቡትና የሚያወሩት ድምፅ አንድ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ሁለት የትንፋሽ ፈተና። በሙሉ ትንፋሽ «አ» እስከሚያልቅ ድረስ፣ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ረጅሙ ይያዛል። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ ይሄዳል፤ 10 ካልሞላ ማስታወሻ ላይ ይስፈር። ሁለተኛው «ስስስ» እና «ዝዝዝ» ለየብቻ እስከ ትንፋሽ ማለቂያ ነው። የስን ጊዜ ለዝ ጊዜ ያካፍሉ። ጤነኛ ሰው ወደ 1 ይጠጋል። ከ1.4 ከበለጠ ሳንባው አየር አለው፣ አውታሮቹ ግን ሲነዝሩ አየሩን መቆጠብ አልቻሉም የሚል ጥርጣሬ ያስነሣል። ስልክ ላይ ያለ የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃል።

ፋይሎቹን በዓመት፣ ወርና ቀን ይሰይሙ። ስልኩ በፈረንጅ ደብተሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ በኋላ ግራ እንዳያጋባ አንዱን መርጠው ይጽኑ። ደብተሩ ላይ ያን ቀን ጉንፋን እንደነበር፣ ምን ያህል ሰዓት እንዳስተማሩ፣ ውሃ መጠጣታቸውን በአንድ መስመር ይጻፉ።

ፕራት ውስጥ

ፕሮግራሙ በፕራት ዶት ኦርግ በነፃ ይገኛል፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ሲከፈት ሁለት መስኮት ይመጣል፤ «ፒክቸር» የሚለውን ይዝጉት፣ አያስፈልግም። «ኦፕን» ውስጥ «ሪድ ፍሮም ፋይል» ብለው ፋይሉን ያስገቡ፣ ከዚያ «ቪው ኤንድ ኤዲት»።

መጀመሪያ ጫጫታውን ይፈትሹ። የዝምታውን ክፍል በማውስ መርጠው የኢንተንሲቲ (የድምፅ ጉልበት) ዋጋውን ያንብቡ፣ ከዚያ የ«አ»ውን። ልዩነቱ ከ30 ዴሲቤል ካነሰ ያ ቀረጻ ለቀጣዩ ሥራ አይበቃም፤ ጋቢ ጨምረው ወይም ሰዓት ለውጠው ይድገሙት። እዚህ ላይ ጨካኝ መሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም የጀነሬተር ጫጫታ በቁጥሩ ውስጥ ገብቶ የታመመ ድምፅ መስሎ ይወጣል።

ቀጥሎ የፒች (የድምፅ ከፍታ) ሴቲንግ። ለወንድ ከ75 እስከ 300፣ ለሴት ከ100 እስከ 500 ሄርዝ ያድርጉ። አዳዲሶቹ የፕራት ሥሪቶች የፒች ማግኛ ዘዴ ያስመርጣሉ፤ ለድምፅ ጤና ሥራ «ሮው ክሮስ ኮሪሌሽን» የሚለውን ይውሰዱ። ከዚያ የ«አ»ውን መጀመሪያና መጨረሻ ትተው የመሀሉን 3 ሴኮንድ ይምረጡና «ፐልስስ» ውስጥ «ቮይስ ሪፖርት» ይበሉ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ ከእሱ የምንፈልገው ጥቂት ነው።

ሚዲያን ፒች የድምፁ ከፍታ ነው። ሰውየው የወትሮው ከፍታው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ጂተር አንዱ ዙር ከቀጣዩ በርዝመት ምን ያህል እንደሚለይ ይነግራል፤ ሺመር ያንኑ በጉልበት። የፕራት መመሪያ ለጂተር 1.040%፣ ለሺመር 3.810% የሚሉ ድንበሮችን ይጠቅሳል፤ የተወሰዱት ግን ኤምዲቪፒ ከተባለ ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ እንደ ሕግ አይያዙ። ሺመር በተለይ የስልኩ ማይክ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ይዘላል።

ኤችኤንአር በእኔ አስተያየት ከዝርዝሩ ለሰው ለማስረዳት የሚቀለው ነው፤ የሥርዓታማው ድምፅ ጉልበት ከፉጨትና ከሹክሹክታው ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። 20 ዴሲቤል ማለት 99% ሥርዓታማ፣ 1% ጫጫታ ነው። ጤነኛ ወጣት «አ» ሲል በዚህ ዙሪያ ይገኛል። ወደ 10 ሲወርድ ጫጫታው ወደ 9% ያድጋል፣ ያን ጊዜ ሻካራነቱን ጆሮም ይሰማዋል።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ጂተርና ሺመር የሚሠሩት አንዱ ዙር ከሌላው ተለይቶ ሲታወቅ ነው። አሜሪካዊው የድምፅ ተመራማሪ ኢንጎ ቲትሴ በ1995 እ.ኤ.አ. ድምፅን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ ሥርዓታማ፣ ግማሽ ድምፅ የሚሰማበት ወይም የሚዘል፣ እና ፈጽሞ ሥርዓት የሌለው። ለሦስተኛው ፕሮግራሙ ቁጥር ቢሰጥም ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ጂተሩ ከ5% ካለፈ ይተዉት። በጣም የታመመ ድምፅ ያለው ሰው ነው በቁጥሩ ይበልጥ የሚታለለው።

ለዚህ ነው ሲፒፒኤስ የተባለው መለኪያ የመጣው። ዙሮቹን አይቆጥርም፤ የድምፁ ድግግሞሽ ከዙሪያው ጫጫታ ምን ያህል ጎልቶ እንደወጣ ይለካል፣ ስለዚህ ለሻካራ ድምፅም ለንግግርም ይሠራል። ፕራት ውስጥ ድምፁን መርጠው «ቱ ፓወርሴፕስትሮግራም»፣ ከዚያ «ጌት ሲፒፒኤስ» ይበሉ፤ ቀድመው የተሞሉትን ቁጥሮች አይንኩ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከሌላ ፕሮግራም ወይም ከሌላ ሴቲንግ ከወጣ ቁጥር ጋር አያወዳድሩት፤ ከራስ ያለፈ ሳምንት ጋር ብቻ። «እማማ ወይን ገዙልን» ላይም ይለኩት፣ ለእኔ ከ«አ»ው ይልቅ የሰውየውን ኑሮ የሚመስለው እሱ ነው።

ሥዕሉን ማንበብ

ቁጥር የማይወድ ሰው ስፔክትሮግራሙን፣ ማለትም ፕራት የሚያወጣውን የድምፅ ሥዕል ይመልከት። የዊንዶው ርዝመቱን ከተለመደው 0.005 ወደ 0.03 ሴኮንድ ያሳድጉት። ያን ጊዜ ጤነኛ «አ» አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ እኩል የተራራቁ አግድም መስመሮች ሆኖ ይታያል፣ እንደ ሽመና ጥለት። ድምፅ ሲሻክር ላይኛዎቹ መስመሮች መጀመሪያ ይደበዝዛሉና ግራጫ ጉም ይተካቸዋል። በሁለት መስመሮች መካከል ድንገት አዲስ ቀጭን መስመር ከገባ ድምፁ ወደ ግማሹ ተሰንጥቋል፤ ጆሮ «ጎረነነ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። መስመሮቹ ጨርሰው ተቋርጠው እንደገና ከቀጠሉ አውታሮቹ ለዚያች ቅጽበት መንዘር አቁመዋል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንትና የቅርቡን ሥዕል ጎን ለጎን አንድ ወረቀት ላይ ያትሙ።

ሐኪሙ ጋ

ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል፣ ከአንገት በላይ ክፍል ሲደርሱ ሐኪሙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ አንድ ገጽ፦ ሻካራነቱ መቼ እንደጀመረ፣ ሳምንታዊው ሲፒፒኤስና ኤችኤንአር በትንሽ ሠንጠረዥ፣ የስና የዝ ውጤት፣ ሁለቱ ሥዕሎች። ስልኩ ላይ የመጥፎውን ቀንና የደህናውን ቀን የ10 ሴኮንድ ቅጂ ያዘጋጁ። «ዶክተር፣ ትናንት ማታ እንዲህ ነበር» ብሎ ማሰማት ከሠንጠረዡ ይበልጥ ይሰማል።

በአፍንጫ ወይም በአፍ የሚገባ ካሜራ አውታሮቹን ያሳያል። ነገር ግን በሴኮንድ 100 ወይም 200 ጊዜ የሚነዝርን ነገር ዓይንም ተራ ካሜራም አይከተለውም። ስትሮቦስኮፒ የሚባለው ዘዴ ከድምፁ ፍጥነት ትንሽ በሚለይ ምት ብልጭ የሚል መብራት በመጠቀም ንዝረቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ አስመስሎ ያሳያል። መብራቱ ድምፁን ተከትሎ ስለሚሠራ ሥርዓት በሌለው ድምፅ ላይ ይደናበራል፤ ከላይ ስለ ሦስተኛው ዓይነት ያልኩት እዚህም ይመጣል። «ስትሮብ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቪዲዮ ከተቀዳ በፍላሽ ቅጂ ይጠይቁ።

ቪዲዮው እጅ ከገባ የምስል ሥራው ይቀጥላል። በአውታሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጥቁር ስለሚሆን ሶፍትዌር ጠርዙን ተከትሎ ስፋቱን በየፍሬሙ ይለካል፤ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል ወይስ ቀዳዳ ይቀራል፣ ግራና ቀኝ እኩል ይሄዳሉ ወይስ አንዱ ይዘገያል የሚለው ከዚያ ይወጣል። ከሙሉው ምስል አንዲት አግድም መስመር ብቻ በጣም በፍጥነት የሚያነበው ቪዲዮኪሞግራፊም አለ፤ ዘዴውን ያወጡት ተመራማሪዎቹ ያን ሽቬትስና ሃርም ስኹተ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ክፍል የባለሙያ ነው። አምስት ኪሎ ያሉ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ግን ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ፍለጋ ከመንከራተት ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው ይህን ቢይዙ ምኞቴ ነው።

ድምፁ እስኪመለስ

መምህር ከሆኑ ወገብ ላይ የሚታሰር ማጉያ ከጆሮ ማይክ ጋር ይግዙ። ከ60 ተማሪ በላይ መጮህ ሳያቆሙ ድምፁ ይድናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. በድምፅ የመጻፍ አገልግሎቱ ላይ አማርኛን ስለጨመረ፣ ጂቦርድ በተባለው የጎግል የስልክ ኪቦርድ ላይ አንዱን አንቀጽ በየሳምንቱ አንብበው ስንት ቃል በትክክል እንደጻፈ መቁጠር ይቻላል። ይህ ንግግሩ ለሰሚ ምን ያህል እንደሚገባ እንጂ የአውታሮቹን ጤና አይለካም፤ ከስትሮክ በኋላ ምላሱ ለተሳሰረ ሰው ግን ቤተሰብ ሊከታተለው የሚችል ቀላል መለኪያ ነው። በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ሊወጣ ለቀጠሮ የተጻፈለት ሰው ካለ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ስንዝር ርቀት፣ ረጅም ንባብ ይቅረጹ። ድምፁን ተመስሎ የሚናገር መሣሪያ ለመሥራት ጥሬ ዕቃው ያ ቀረጻ ነው፣ በኋላ አይገኝም። ፋይሉን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ አንዱን ከቤት ውጭ፤ የሕክምና መረጃ ስለሆነ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አይላክ።